ስም ዋስ ሲሆን፦ ፓቴሎች ከየት መጡ? እንዴትስ በዓለም ተበተኑ?

ከናይሮቢ የጅምላ መጋዘን፣ ከሙምባይ ላኪ ድርጅት ወይም ከዱባይ ጽሕፈት ቤት በተላከ ፕሮፎርማ ግርጌ «ፓቴል» የሚል ፊርማ ማየት ለአስመጪ ብርቅ አይደለም። በለንደን ጋዜጣና ሲጋራ ወደሚቸረችር ሱቅ የገባ፣ በአሜሪካ አውራ ጎዳና ዳር ባለ ሞቴል ያደረ መንገደኛም ይህንኑ ስም ያውቀዋል። በሕንድ ማዕከላዊ ባንክ ገዥዎች ዝርዝር ውስጥም ሁለት ጊዜ ሰፍሯል፤ አይ ጂ ፓቴል ከ1977 እስከ 1982፣ ኡርጂት ፓቴል ደግሞ ከ2016 እስከ 2018 ባንኩን መርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ እነዚህ ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው? አንዱ ፓቴል ለሌላው ፓቴል ዋስ ነው? ጥያቄው ከወሬ ያለፈ ነው። ገበያ ውስጥ «ፓቴል ነው፣ አይከዳም» ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚልክ፣ ዕቃ በዱቤ የሚለቅ ነጋዴ አለ። በሌላ በኩል ደግሞ «ሁሉም አንድ ናቸው፣ ገበያውን ተማክረው ይይዙታል» ብሎ የሚሸሽም አለ። ሁለቱም ስሙን ብቻ አይተው የሚወስኑ ናቸው፤ ሁለቱም ኪሳራ ሊያገኛቸው ይችላል። ስለዚህ ስሙ ምን እንደሆነ፣ ከየት ተነስቶ እንዴት እንደተስፋፋና ምን ያህል እንደሚያስተማምን ማወቅ ለነጋዴ ዕውቀቱ ራሱ ትርፍ ነው።

የሥራ መጠሪያ የነበረ ስም

ፓቴል መነሻው የአንድ ቤተሰብ ስም አይደለም፤ የሹመት ስም ነው። ቃሉ በጥንቱ የሳንስክሪት ቋንቋ «ፓታኪላ» ከሚለው የመጣ ሲሆን «ፓታ» ማለት የመሬት ይዞታ ሰነድ ነው። በምዕራብ ሕንድ መንደሮች ፓቴል የሚባለው ሰው የመንደሩ አለቃ ነበር። መሬቱን ያውቃል፣ ግብር ያስከፍላል፣ ጠብ ያበርዳል፣ ከመንግሥት ጋር የሚነጋገረውም እሱ ነው። በእኛ አገር የቀድሞ አስተዳደር ጭቃ ሹም የሚባለውን ሰው ያስታወሰ አንባቢ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ልዩነቱ እዚያ ሹመቱ ወደ ልጅ፣ ከልጅም ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ከርሞ በመጨረሻ የቤተሰብ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ሹመቱ በአንድ ሃይማኖት ወይም በአንድ ወገን ብቻ የተያዘ ስላልነበረ ስሙም እንደዚያው ነው። አብዛኞቹ ፓቴሎች የጉጃራት ሂንዱዎች ናቸው። ይሁንና በባሩች ከተማ ዙሪያ ሙስሊም ፓቴሎች ሞልተዋል፤ የሕንድ ኮንግሬስ ፓርቲ ታላቅ ሰው የነበሩትና በ2020 ያረፉት አሕመድ ፓቴል ከዚያ ነበሩ። ከ2019 እስከ 2024 የደቡብ አፍሪካ የንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስትር የነበሩት ኢብራሂም ፓቴልም ስማቸው እንደሚያመለክተው ከሙስሊሞቹ ወገን ናቸው። እሳትን በሚያከብሩት በፓርሲዎች መካከልም ፓቴሎች አሉ። ከጉጃራት በስተደቡብ በማሃራሽትራ ደግሞ ይኸው ሹመት «ፓቲል» ሆኖ ይነበባል፤ ከ2007 እስከ 2012 የሕንድ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፕራቲብሃ ፓቲል ስማቸው ከዚህ ነው። ፓቴልና ፓቲል የቃል ዘመዳሞች ናቸው እንጂ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው ማለት አይደለም።

ግብር በጋራ የሚከፍሉ ባላገሮች

ዓለም «ፓቴል» ሲል በአብዛኛው የሚያስበው ፓቲዳር የተባለውን ገበሬ ሕዝብ ነው። ዋናው አገራቸው በጉጃራት መካከል በማሂና በሳባርማቲ ወንዞች መሃል የሚገኘው ቻሮታር የተባለ ለም ሜዳ ሲሆን፣ ዛሬ በኬዳና በአናንድ አውራጃዎች ውስጥ ይጠቃለላል። አፈሩ ለትምባሆ፣ ለጥጥና ለእህል የተመቸ ነው። ሕዝቡ ቀድሞ ካንቢ ይባል ነበር፤ ትርጉሙም አራሽ ገበሬ እንደማለት ነው።

«ፓቲዳር» የሚለው ስም «ፓቲ» ከሚል ቃል የወጣ ሲሆን፣ ፓቲ ማለት የመሬት ድርሻ ነው። በቻሮታር በብዙ መንደሮች መሬቱ ለባለድርሻዎች ይከፋፈልና ግብሩ ግን በመንደሩ ላይ በጅምላ ይጣላል። እያንዳንዱ ባለድርሻ የራሱን ይከፍላል፤ አንዱ ቢጎድልበት ሌሎቹ ይሸፍናሉ። እንግሊዞች አገሩን ሲይዙ ይህን ሥርዓት አግኝተው በመዝገባቸው «ናርዋ» በሚለው ስሙ አስገቡት። ነጋዴ ይህን በሚገባ ልብ ይበል። እነዚህ ሰዎች ባንክ ሳያውቁ፣ መርከብ ሳይሳፈሩ በፊት፣ የጎረቤትን ዕዳ እንደራስ ዕዳ መቁጠርን የተማሩት ከግብር ሰብሳቢ ነው።

ካንቢ መባሉ እየቀረ ፓቲዳር መባሉ የክብር ምልክት ሆነ፤ በ1931 የሕዝብ ቆጠራም አዲሱ መጠሪያ በመንግሥት መዝገብ ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። ፓቲዳሮች ለአቤቱታ እንዴት እንደሚያብሩ አገር ያወቀውም በግብር ጉዳይ ነው። በ1918 በኬዳ ሰብል በጠፋበት ዓመት መንግሥት ግብር አላነሳም ባለ ጊዜ ገበሬው አልከፍልም ብሎ አደመ። በ1928 ደግሞ በባርዶሊ ግብሩ ከ20 በመቶ በላይ ቢጨመርበት እንደገና አልከፍልም አለ። ሁለቱንም አድማ ካስተባበሩት መካከል ዋነኛው የናዲያድ ተወላጅ የሕግ ባለሙያው ቫላብብሃይ ፓቴል ነበሩ። «ሳርዳር» ማለትም መሪ የሚለውን ማዕረግ ከባርዶሊ በኋላ አገኙ፤ ሕንድ ነፃ ስትወጣም የመጀመሪያው ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። በ2018 ጉጃራት ውስጥ የተመረቀው 182 ሜትር ቁመት ያለው ሐውልት የእሳቸው ነው።

ስሙ እንዴት ይነበባል?

የጉጃራት ሰው ሙሉ ስም ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም። መጀመሪያ የራሱ ስም፣ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይመጣል። እስከዚህ ድረስ ከእኛ ልማድ ጋር አንድ ነው። በመጨረሻ ግን ለወገኑ ሁሉ የወል የሆነው መጠሪያ ይጨመራል። የሳርዳር ፓቴል ሙሉ ስም ቫላብብሃይ ጃቨርብሃይ ፓቴል ነው፤ ጃቨርብሃይ አባታቸው ናቸው። ያገባች ሴት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በመሃል የምታስገባው የባሏን ስም ነው። በወንዶቹ ስም መጨረሻ የሚሰማው «ብሃይ» ወንድም፣ በሴቶቹ «ቤን» እህት ማለት ሲሆን የአክብሮት ጭማሪ ነው።

በዚህ አጻጻፍ ሰውየውን ከሌላው የሚለዩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስሞች ናቸው፤ ፓቴል የሚለው የሚለየው ነገር ትንሽ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ግን የራስና የአባት ስም በአንድ በአንድ ፊደል አጥሮ ወገኑ ብቻ በሙሉ ይጻፋል። ባለጉዳዩን የሚያሳውቀው ተቆርጦ የማያሳውቀው ይቀራል ማለት ነው። አንድ ደረሰኝ ላይ «ጄ ፓቴል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው አዲስ አበባ ላይ «አቶ አ.» ተብሎ እንደተነገረው ይቁጠረው።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ከፓቲዳሮች መካከል ቅድመ አያቶቻቸው ከፍ ያለ የግብር ሹመት የያዙ ቤተሰቦች ደሳይ ወይም አሚን ይባላሉ። ስለዚህ ፓቴል ሁሉ ፓቲዳር እንዳልሆነ ሁሉ፣ ፓቲዳር ሁሉም ፓቴል አይባልም።

ዋስትናው ያለው መንደሩ ላይ ነው

ፓቴሎች ራሳቸው እርስ በርስ ሲተዋወቁ «ፓቴል ነኝ» መባባሉ ብዙ አይጠቅማቸውም። ጥያቄያቸው «የየት መንደር?» የሚል ነው። በመጀመሪያ ሌቫና ካድቫ የተባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች አሏቸው። ቀጥሎ ደግሞ «ጎል» የሚባል የጋብቻ ክበብ አለ። በቻሮታር ስመ ጥር የሆኑት ስድስቱ መንደሮች ማለትም ናዲያድ፣ ካራምሳድ፣ ቫሶ፣ ሶጂትራ፣ ብሃድራንና ድሃርማጅ እርስ በርሳቸው ይጋባሉ። ሌሎች መንደሮች ደግሞ ልጆቻቸውን ለታላላቆቹ መንደሮች ሲድሩ የሚጠየቁት ጥሎሽ ስለከበደባቸው በእኩያ መንደሮች መካከል ብቻ ለመጋባት የየራሳቸውን ክበብ መሠረቱ።

የብድሩ ምሥጢር ከዚህ ይጀምራል። አበዳሪው የተበዳሪውን አባት፣ አጎትና አማች ያውቃል። ተበዳሪው ቢክድ ወሬው ከናይሮቢም ሆነ ከለንደን ተነስቶ መንደር ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ሱቁ ብቻ ሳይሆን የእህቱና የልጁ ጋብቻም ይበላሻል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው የእኛ ተረት እዚያ የሒሳብ መዝገብ ውስጥ የገባ ነገር ነው። በሌላ አነጋገር ዋሱ «ፓቴል» የሚለው ቃል ሳይሆን ከቃሉ በስተኋላ ያለው መንደርና የጋብቻ ክበብ ነው። እቁብተኛ የሆነ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። እቁብ የሚሠራው አባላቱ ስለሚተዋወቁና የከዳ ሰው የሚደበቅበት ስለሌለው ነው። እዚያም እንዲሁ ነው፤ የሚለየው ክበቡ ውቅያኖስ መሻገሩ ብቻ ነው።

ከመንደር ወደ ሞምባሳ

ቻሮታር ለም ቢሆንም መሬቱ ለልጆች ሲከፋፈል ድርሻው እያነሰ ሄደ። ከ1896 ጀምሮ ወረርሽኝ ገባ፤ በ1899 እና በ1900 ደግሞ ጉጃራትን ከባድ ረሃብ መታት። በእነዚያው ዓመታት እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርስ የባቡር ሐዲድ ይዘረጉ ነበር። ሥራው በ1896 ተጀምሮ በ1901 ሐይቁ ጋ ደረሰ። ለቁፋሮው ከሕንድ 32,000 ያህል የኮንትራት ሠራተኞች መጡ፤ ወደ 2,500 የሚሆኑት ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ይታረም። «የምሥራቅ አፍሪካ ሕንዶች ሐዲድ ሊዘረጉ መጥተው የቀሩ ናቸው» ሲባል ይሰማል። ቆፋሪዎቹ በብዛት ከፑንጃብ የመጡ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ኮንትራታቸው ሲያልቅ ተመልሰዋል። ፓቴሎቹ የመጡት የባቡሩን ፊሽካ ተከትለው በራሳቸው ገንዘብ ነው። አንዳንዱ ማንበብና መጻፍ ስለሚችል በባቡሩና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆነ፤ ሌላው ሱቅ ከፈተ። በስዋሂሊ ሱቅ «ዱካ» ይባላል፤ ቃሉም ከሕንዶቹ «ዱካን» የመጣ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ወጣቱ ከመንደሩ ሰው ዘንድ ይቀጠራል፤ እየበላ እየተኛ ንግዱን ይማራል። ጥቂት ዓመት ካገለገለ በኋላ አሠሪው ዕቃ በዱቤ ይሰጠውና ገና ሱቅ ወዳልገባበት ወረዳ ይልከዋል። ባለሱቁ ጨርቅ፣ ጨው፣ ስኳርና ጋዝ ይሸጣል፤ ከገበሬው ጥጥና ሰሊጥ ይገዛል፤ የገዛውን ለጅምላ ነጋዴው አስረክቦ ዱቤውን ያወራርዳል። እሱም ሲደላደል ታናሽ ወንድሙን ያስመጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ያለባንክ ገንዘብ የሱቅ ሰንሰለት እስከ ኡጋንዳና ታንጋኒካ ገጠር ድረስ ተዘረጋ።

ይሁንና ሁሉንም ለፓቴል መስጠት አይገባም። በዚያ አገር የሱቅ ንግድን በሰፊው ያስፋፋው አሊዲና ቪስራም ከኩች የመጣ የኢስማኢሊ ሙስሊም ነበር። የኡጋንዳን ታላላቅ የስኳር እርሻዎች የመሠረቱት ማድቫኒና መህታ የሎሃና ወገን ናቸው። ሁሉም ጉጃራቶች ናቸው፤ ዋሶቻቸው ግን የተለያዩ ናቸው።

50 ፓውንድና ዘጠና ቀን

ይህ ሁሉ ሀብት የቆመው የጎረቤት ፍቅር ሳይሆን የቅኝ ገዥ ፈቃድ ላይ ስለነበረ ነፃነት ሲመጣ ተናጋ። ኬንያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዜግነቷን ላልያዙ ነጋዴዎች ፈቃድ ማጥበብ ስትጀምር የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዙት ወደ ለንደን ተጣደፉ፤ እንግሊዝም በ1968 በችኮላ ባወጣችው ሕግ በሯን አጠበበች። የባሰው የመጣው በነሐሴ ወር 1972 ነው። ኢዲ አሚን የኡጋንዳ እስያውያን በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ አዘዘ። ይዘው እንዲወጡ የተፈቀደላቸው ገንዘብ 50 ፓውንድ ያህል ብቻ ነበር። ሱቅ፣ ፋብሪካ፣ ቤትና መኪና እዚያው ቀረ።

ከ27,000 በላይ የሚሆኑት እንግሊዝ ገቡ። የሌስተር ከተማ ምክር ቤት በኡጋንዳ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ወደ ከተማችን አትምጡ እስከ ማለት ደርሶ ነበር። እነሱ ግን ሄዱ፤ ሌስተርም ዛሬ ከታላላቆቹ የጉጃራቶች ከተሞች አንዷ ናት። ቀን ፋብሪካ ሠርተው፣ ከዘመድ አሰባስበው፣ እንግሊዛዊው ባለቤት ጡረታ ሲወጣ የሚሸጠውን የጋዜጣና የሲጋራ ሱቅ ገዙ። ሌላው ሱቅ ሲዘጋ እነሱ ይከፍታሉ፤ ሠራተኛው ቤተሰቡ ነው። ልጆቻቸው ብዙዎቹ ሱቁን ትተው ወደ ፋርማሲ፣ ወደ ሒሳብ ሙያና ወደ ፖለቲካ ሄደዋል። ከ2019 እስከ 2022 የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ፕሪቲ ፓቴል ከኡጋንዳ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ናቸው።

ኡጋንዳም በኋላ ተጸጸተች። የተወረሰ ንብረት የሚመለስበት ሕግ በ1982 ወጣ፤ ከ1986 ወዲህም የሙሴቬኒ መንግሥት ባለንብረቶቹን ተመለሱ ብሎ ጠራ። የተመለሱ አሉ፤ አብዛኞቹ ግን አልተመለሱም። የነጋዴው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕንፃው፣ ዕቃውና ፈቃዱ በአንድ አዋጅ ሊወረስ ይችላል፤ መታመን ግን አይወረስም። በ50 ፓውንድ ተነስተው እንደገና የቆሙት የዘመድ አደራ አብሯቸው ስለተሻገረ ነው።

የሞቴሉ ሒሳብ

አሜሪካ በ1965 የስደተኞች ሕጓን ስታሻሽል ለእስያውያን በሩ ተከፈተ። በ1970ዎቹ ደግሞ 40,000 ዶላር በንግድ ላይ የሚያውል ሰው የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኝበት መንገድ ነበር። ጊዜውም ለገዢ የተመቸ ሆነ። ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ መንገደኛ ስለቀነሰ፣ አዳዲስ አውራ ጎዳናዎችም አሮጌዎቹን መንገዶች ስላስረሷቸው ትንንሽ ሞቴሎች በርካሽ ይሸጡ ነበር።

ሒሳቡ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ ብናስቀምጠው ይሻላል። የሞቴሉ ዋጋ 100,000 ዶላር ነው እንበል። ሻጩ 20,000 ቅድሚያ ተቀብሎ ቀሪውን በየወሩ ሊያስከፍል ይስማማል። ገዢው 20,000 የለውም፤ ግን አሥር ዘመዶቹ ሁለት ሁለት ሺህ ያዋጣሉ። ውል የለም፣ ወለድ የለም፣ መያዣም የለም። ቤተሰቡ ከእንግዳ መቀበያው ጀርባ ባለች ክፍል ይኖራል፤ ስለዚህ የቤት ኪራይ የለበትም። ባል ቧንቧና መብራት ይጠግናል፣ ሚስት አንሶላ ታጥባለች፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እንግዳ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ ደመወዝ የለም። የቀድሞው ባለቤት የከሰረበት ሞቴል ለእነሱ የሚያተርፈው በዚህ ምክንያት ነው። ዘመዶቹም ገንዘባቸው ሲመለስ ለቀጣዩ ገዢ ያዋጣሉ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንዳንድ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ለሕንዶች ሞቴል ዋስትና አንሰጥም አሉ፤ ባንኮችም ፊት ነሷቸው። አንዳንድ ተወዳዳሪዎችም «ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉ። ይህን ለመከላከል ሲሉ በ1989 በአትላንታ የእስያውያን አሜሪካውያን የሆቴል ባለቤቶች ማኅበርን መሠረቱ። ማኅበሩ ዛሬ 20,000 ያህል አባላት እንዳሉትና እነሱም ከአሜሪካ ሆቴሎች 60 በመቶውን እንደያዙ ይገልጻል። አባላቱ ሁሉ ፓቴሎች አይደሉም፤ ግን ፓቴሎች በብዛት አሉበት። ስሙ በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ በ2000 በብዛት 172ኛ ነበር፤ በ2010 ግን 95ኛ ሆነ።

አገር ቤት የቀሩትስ?

ፓቴል ሲባል ባለሞቴል ብቻ የሚታየው ሰው ዋናውን ይስተዋል። በ1946 በአናንድ የወተት ገበሬዎች ከደላላ ብዝበዛ ለመውጣት ኅብረት ሲመሠርቱ የመሯቸው ትሪብሁቫንዳስ ፓቴል ነበሩ። ዛሬ «አሙል» በሚል ምልክት የሚታወቀው የወተት ድርጅት ያ ነው። በ1969 ካርሳንብሃይ ፓቴል የልብስ ማጠቢያ ዱቄት በቤቱ ቀምሞ በብስክሌት እየዞረ ሸጠ፤ «ኒርማ» ብሎ የሰየመው ምርትም የባለብዙ ካፒታል ኩባንያዎችን ገበያ ነጠቀ። በሱራት ከተማ ደግሞ የዓለምን ጥሬ አልማዝ አብዛኛውን ክፍል በሚቆርጡትና በሚያጠሩት ወርክሾፖች ከሳውራሽትራ የመጡ ፓቴሎች እንደ ሠራተኛም እንደ ባለቤትም ሞልተዋል። ከስድስቱ መንደሮች አንዷ በሆነችው በድሃርማጅ፣ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የተነሳ፣ በትንሽ መንደር ውስጥ ከአሥር የማያንሱ የባንክ ቅርንጫፎች ተከፍተዋል።

ሆኖም ሁሉም ሀብታም አይደለም። በነሐሴ 2015 በአሕመዳባድ በርካታ ሕዝብ ወጥቶ ለፓቲዳሮች በመንግሥት ሥራና በትምህርት የተለየ ኮታ ይሰጠን ሲል ጮኸ። የመሩት የ22 ዓመቱ ሃርዲክ ፓቴል ነበሩ። መሬት የተበጣጠሰበት ገበሬና ሥራ ያጣ ምሩቅ «ስማችን የሀብታም፣ ኪሳችን የድሃ» የሆነበት ወገን መሆኑን ያን ጊዜ ዓለም አየ። ስሙን አይቶ ካፒታል የሚገምት ነጋዴ ይህን ይያዝ።

ለእኛ ነጋዴ ምን ይጠቅማል?

በአገራችን ገበያ ሕንዶች አዲስ አይደሉም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ በሐረርና በአዲስ አበባ በሰፊው የነገደውና ጣሊያኖች በ1937 ያባረሩት የሙሐመድ አሊ ድርጅት የጉጃራት ሰዎች ነበር፤ ግን ቦህራ ሙስሊሞች እንጂ ፓቴሎች አይደሉም። በትምህርት ቤት ያስተማሩን ሕንዶች ብዙዎቹ ደግሞ ከደቡብ ሕንድ ከኬራላ የመጡ ናቸው። «ሕንድ» የሚለው አንድ ቃል ብዙ የተለያየ ገበያ ይሸፍናል።

ስለዚህ ከፓቴል ጋር የሚዋዋል ሰው የሚከተሉትን ቢያስብ አይጎዳም።

አንደኛ፦ ሙሉ ስም ይጠይቁ። የራስ፣ የአባትና የወገን ስም በፓስፖርት ላይ እንዳለው ይጻፍ። በአንድ ፊደል ያጠረ ስም በኤል ሲም ሆነ በውል ላይ አይቀበሉ።

ሁለተኛ፦ ከስሙ ይልቅ ቁጥሩን ያጣሩ። ከሕንድ የሚላክ ዕቃ ከሆነ ላኪው ከአገሩ የውጭ ንግድ መሥሪያ ቤት የተሰጠው የአስመጪና ላኪ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ከሐምሌ 2017 ወዲህ የሚሰጠው መለያ ከግብር ከፋይ ቁጥሩ ጋር አንድ ነው፤ ያው ቁጥር 15 ፊደልና አኃዝ ባለው የሽያጭ ግብር መለያው ውስጥ ከሦስተኛው ቦታ ጀምሮ ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ፤ ቀደም ብሎ የተመዘገበ ድርጅት ግን የተለየ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል ማስረጃውን ይጠይቁ። ኩባንያው የኬንያ ከሆነ «ሲአር 12» የተባለውን የዳይሬክተሮችና የባለአክሲዮኖች ዝርዝር ያስመጡ።

ሦስተኛ፦ የመንደር ዋስትና ለእርስዎ አይሠራም። አንድ ፓቴል ለመንደሩ ልጅ ያለ ወረቀት የሚያበድረው የከዳውን የሚቀጣበት መንገድ ስላለው ነው። እርስዎ ከዚያ ክበብ ውጭ ነዎት፤ ቢከዱዎት ጋብቻ አይበላሽም። ስለዚህ የእርስዎ ዋስ ውሉ፣ ባንኩና የጭነት ሰነዱ ናቸው።

አራተኛ፦ «ሁሉም አንድ ናቸው» በሚል ሥጋት ደግሞ ዋጋ ሳያወዳድሩ አይሽሹ። ሁለት ፓቴሎች ከተለያየ መንደር፣ ከተለያየ ሃይማኖት፣ በአንድ ገበያም ተፎካካሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ከሁለቱም ፕሮፎርማ መቀበል ያዋጣል።

በመጨረሻም ከፓቴሎች ታሪክ የሚወሰደው ዋናው ቁም ነገር ስሙ አይደለም። ስማቸው ከመንደር ሹም የተወረሰ ተራ መጠሪያ ነው። ያበለጸጋቸው ግን የተበደሩትን መመለስ፣ ሲመለስላቸውም ለቀጣዩ ማዋጣት ነው። ይህ ደግሞ የጉጃራት ብቻ ንብረት አይደለም። እቁቡን በወር ሁለት ጊዜ ሳያጓድል የሚጥል የመርካቶ ነጋዴም ያውቀዋል፤ የሚጎድለው ያንን መተማመን ከሰፈሩ አሳልፎ ድንበር ማሻገሩ ነው።